«ይበቃል» የማይሰማ ግንበኛ

ጡረታ የወጣሁት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። የጡረታ ደብተር የለኝም፣ ሽኝት አልተደረገልኝም፣ የእጅ ሰዓትም አልተሸለምኩም። እኔ ሳልደክም ሥራው ቀድሞኝ ጡረታ ወጣ። ቦንጋ ውስጥ እሠራበት ለነበረው ትንሽ የሚሲዮን ክሊኒክ አዲስ የኤክስሬይ መሣሪያ መጣለት፤ አጥንቱን ወዲያው በኮምፒዩተር ላይ የሚያሳይ። ከዚያ በኋላ በጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም የሚያጥብ ሰው አላስፈለገም። ክፍሌን የሳሙናና የበረኪና ማስቀመጫ አደረጉት። እኔም ከከተማው ሳልወጣ ማተሚያ ቤት ገባሁ፤ አሁን የሠርግ ጥሪና የዕድር ደረሰኝ አትማለሁ።

የሚያውቁኝ ሰዎች፣ «ግጥም ትሞካክር የለም እንዴ፣ ከፊደል ጋር መዋል ይሻልሃል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ እሞካክራለሁ። የግጥም አስተማሪ ግን ኖሮኝ አያውቅም። አስተማሪ ነበረኝ ከተባለ ያ ሦስት ሰው የማያስቆም፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ጨለማ ክፍል ነው። እዚያ ያየሁትን ያህል የሚያስደንቅ ነገር ብርሃን ላይ አላየሁም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአዳነችን ነገር። አንዲት ትንሽ ልጅ በገዛ ሰውነቷ ውስጥ ለምን ሁለተኛ አጥንት እንደምታበቅል የጠየቅነው እዚያ ነው። ስለዚህ ስለ ሥራ ዘመኔ ስጽፍ ብዕሬ ወደሷ ይጎትተኛል።

የተወለድኩት እዚያው ካፋ ውስጥ፣ ዋጫ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። መጀመሪያ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። የበሽተኛ ስም ስጠራ በዜማ እያደረግሁ ስለማስቸግር የመጀመሪያው አለቃዬ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ካርድ ክፍል ነው፣ ቅኔ ማኅሌት አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ቢታ ገነት በክትባት ዘመቻ የበረዶ ሣጥን ተሸክሜ ስዞር ከረምኩ። አንድ ቦታ መርጋት አይሆንልኝም ነበር። ቦንጋ ክሊኒክ ሰው እንደሚፈልጉ የነገረኝ የዘመቻው ሾፌር ነው። ደመወዙ ከቀድሞው ብዙም አይሻልም። የገባሁትም ሾፌሩ «ሥራው ጨለማ ውስጥ ነው፣ ለደፋር ነው» ስላለኝ ነው።

የኤክስሬዩ ኃላፊ ጋሽ አሰፋ ይባላሉ። የወሎ ሰው ናቸው። ለሁለት ዓመት ብለው ወደ ካፋ ተመድበው መጥተው፣ አግብተው፣ ወልደው፣ ቀርተዋል። ካፊኖኖ ይናገራሉ፤ ግን በወሎ ዜማ ነው። የማር ሻጮቹ ሴቶች ገና ሲያዩአቸው እየሳቁ ዋጋ ይቀንሱላቸዋል። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ገበያ ሲወጡ ዜማውን ያብሱበታል።

ጋሽ አሰፋ ሥራውን ያስጀመሩኝ በእጄ ነው። መብራቱን አጥፍተው ፊልሙን ካሴት ከሚባለው የብረት ማቀፊያው አውጥቼ የሽቦ ፍሬሙ ላይ እንዳያይዘው ያዝዙኛል። በጥፍር መንካት የለም፤ ጠርዙን በጣት ጫፍ ብቻ። ከዚያ ትንሿ ቀይ አምፖል ትበራለች፤ ፊልሙ ዴቨሎፐር የሚባለው የማጠቢያ መድኃኒት ገንዳ ውስጥ ይገባል። ክረምት ላይ ቦንጋ ስለሚቀዘቅዝ መድኃኒቱ ይሰንፋል፤ ጋሽ አሰፋ ገንዳውን በሙቅ ውሃ ጎማ ያቅፉታል፤ እንደ ታመመ ሰው። እኔ ገና ጀማሪ ሳለሁ አጥንት ከውሃው ውስጥ ብቅ የሚል ይመስለኝ ነበር። እንደሱ አይደለም። አጥንቱ ምንም አይሆንም፤ ዙሪያው ነው የሚጠቁረው። ዓለሙ ሁሉ ሲጠቁር ያልጠቆረው አጥንት ሆኖ ይቀራል። ይህ የገባኝ ቀን ከክፍሉ መውጣት አቃተኝ።

ጋሽ አሰፋ ሁለት ልማዶች ነበሯቸው። ሕፃን ሲመጣ ብረቱን ካሴት ብብታቸው ውስጥ አድርገው ያሞቁታል፤ ልጁ ሲነካው እንዳይደነግጥ። ሁለተኛው፣ እርጥብ ፊልም ሲያዩ ሁልጊዜ ፊታቸውን ለግድግዳ ይሰጣሉ። «በሽተኛ ፊልም ማንበብ አይችልም፤ ፊት ማንበብ ግን ይችላል» ይሉኝ ነበር። «ያንተ ደግሞ ፊትህ አደባባይ ነው፤ ገጣሚ መሆንህን ለመንገደኛ ሁሉ ይናገራል።»

አዳነች ስትመጣ ስድስት ዓመት ገደማ ይሆናታል። ከደካ ከተማ ማዶ ካለ መንደር፣ መጀመሪያ በበቅሎ፣ ቀጥሎ በአይሱዙ ተጭነው ነው የመጡት። እናቷ ዘነበች ከኔ ብዙ የማትበልጥ ቀጭን ሴት ናት፤ አባቷ አቶ ወዳጆ ረጋ ያሉ ቡና ለቃሚ ገበሬ። ልጅቱ አንገቷን ማዞር አትችልም ነበር። ጀርባዋ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ይወጣል፣ ይጠፋል፣ ሌላ ቦታ ይወጣል። ሲጠሯት አንገቷን ሳይሆን ሙሉ ሰውነቷን ታዞራለች፤ እንደ ሹም።

«ምነው እንዲህ ኮራሽብን?» አሏት ጋሽ አሰፋ ካሴቱን ከብብታቸው እያወጡ።

«አልኮራሁም፤ አንገቴ ነው የኮራው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድናት።

በዚያን ጊዜ ክሊኒኩ አንዲት ዶክተር ነበረችው፤ ሰላማዊት ትባላለች፤ ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች፣ በዕድሜ እኩያዬ። ፊልሙን አየች። እብጠቱ አጥንት የለውም፤ ሥጋ ብቻ ነው። ካንሰር ይሆናል ብላ ሰጋች። ማንም ሐኪም ይሰጋል። ከእብጠቱ ተቆንጥሮ እንዲመረመር ሩቅ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ጻፈችላቸው። እዚያም ትክክል ነው ተብሎ የሚታመነውን አደረጉ፤ ቀኝ ትከሻዋ ላይ ያለውን እብጠት ቀደው ናሙና ወሰዱ። ካንሰር አይደለም ተባለ። ደስ ብሏቸው ወደ መንደራቸው ሄዱ።

ሲመለሱ ክረምቱ አልፎ ነበር። የአዳነች ቀኝ ክንድ ከጎኗ ጋር ተጣብቋል። ወደ ላይ አይነሳም፣ ወደ ኋላ አይሄድም። ቁስሉ ድኗል፤ ጠባሳው ንጹሕ ነው። ክንዱ ግን የለም ማለት ይቻላል።

ፊልሙን እኔ ነኝ ያጠብኩት። ዙሪያው ሲጠቁር፣ ከትከሻዋ አጥንት ተነስቶ ወደ ክንዷ የሚሻገር አንድ ነገር ሳይጠቁር ቀረ። መጀመሪያ ፊልሙን ያበላሸሁት መሰለኝ። ጋሽ አሰፋ ከውሃው አውጥተው አምፖሉ ላይ ያዙት። ድልድይ ነው። የተዛባ፣ የበሰበሰ ነገር አይደለም፤ ቀጥ ያለ፣ ቅርፊቱ የጠነከረ፣ ውስጡ እንደ ማንኛውም አጥንት ስስ መረብ ያለው ደህና አጥንት። ማንም ሰው ሊኖረው በማይገባ ቦታ ላይ ያለ ደህና አጥንት።

ያን ቀን ጋሽ አሰፋ ግድግዳውን ረሱት። ፊልሙን እንደያዙ በሩን ከፍተው ወጡና ዘነበች ፊት ቆሙ። ምን እንዳሉ አስታውሳለሁ። «አምላኬ፣ እንዴት ያለ ሥራ ነው» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ሰው። እናትየዋ ፊታቸውን አነበበች። ያነበበችው ግን መፍራት አልነበረም። በኋላ ስትነግረኝ፣ «ልጄ መጥፎ ነገር ያላት አልመሰለኝም፤ ትልቅ ነገር ያላት መሰለኝ» ብላኛለች።

ዶክተር ሰላማዊት ፊልሙን በመስኮት ላይ ለጥፋ በስልኳ አነሳችው። ኔትወርክ ከክሊኒኩ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ብቻ ስለነበር ዣንጥላ ይዛ ወጣች፤ አዲስ አበባ ላሉ የድሮ መምህሯ ላከችላቸው። እኛ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጥን። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ዘነበች አማርኛ ትሰማለች እንጂ የሆዷን የምትናገረው በካፊኖኖ ነው።

ያን ዕለት የሰማሁት ነገር ከፊልሙ አያንስም። ለዚህ በሽታ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ምክንያት ነበረው፤ እያንዳንዱም ምክንያቱን ብቻውን ተሸክሞ ነበር የሚዞረው።

«ከበቅሎ የጣልኳት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ወዳጆ። «ገመዱን በደንብ አልያዝኩም።»

አብሯቸው የመጣው ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ፣ «መርፌው ነው። ታፋዋ ላይ ከወጓት በኋላ ነው ያበጠው፤ ያስወጋኋት እኔ ነኝ» አለ። ቀጥሎም የመንደሩ ሽማግሎች የሚሉትን ጨመረ፤ ወዳጆ ጫካ ውስጥ አባቶች የሚለምኑበትን ትልቅ ዛፍ ሳያስፈቅድ ቆርጧል።

«ዛፉ ወድቆ ያገኘሁት ነው» አሉ አቶ ወዳጆ።

«ወድቆም ቢሆን ጠይቀህ ነው እንጂ።»

 ሁለቱ ወንዶች ወጥተው አይሱዙ ሊጠይቁ ሲሄዱ ዘነበች ወደኔ ጠጋ አለች። አዳነችን ስታረግዝ ኮሶ ጠጥታ ነበር፤ እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ። ለማንም አልተናገረችም። የባሏ ዘመዶች ግን ያለ ኮሶውም ፈርደውባታል፤ «አጥንት የእናት ወገን ነው» ብለዋል። ሌላ ብትወልድ ያው ይሆናል፤ ስለዚህ ወዳጆ ሌላ ሴት ያግባ ይላሉ። ወዳጆ እስካሁን እሺ አላሉም፤ እምቢም አላሉም።

«ዶክተሯን ጠይቅልኝ» አለችኝ። «ከኔ ነው? ከኔ ከሆነ ራሴ እሄዳለሁ፤ እስኪያባርሩኝ አልጠብቅም። ሌላ ልጅም አልወልድም። እሱን ብቻ ጠይቅልኝ።»

ሰላማዊት ከኮረብታው ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው። መምህሯ ምንም አልነገሯትም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቋት። የልጅቱን የእግር አውራ ጣቶች አይታችኋል ወይ?

አላየንም። ስንት ጊዜ ያየናትን ልጅ፣ ጀርባዋን፣ አንገቷን፣ ትከሻዋን ከፊትም ከኋላም ያነሳናትን ልጅ፣ እግሯን አላየንም። ሁልጊዜ የታላቅ ዘመዷን የጎማ ቦቲ ተጫምታ ነው የምትመጣው። ጎንበስ ብላ ማውለቅ ስለማትችል ጋሽ አሰፋ ተንበርክከው አወለቁላት።

ሁለቱም አውራ ጣቶች አጭር ናቸው፤ ወደ ሌሎቹ ጣቶች ተጋድመዋል።

«ይሄማ ከልደቷ ነው» አለች ዘነበች። «አዋላጇ፣ ‹ይቺ ልጅ መንገድ ስትሄድ ወደ ውስጥ ነው የምታስበው› ብላ አስቃን ነበር።»

ሰላማዊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ ጣቶቹን አየች። ከዚያ የበሽታውን ስም ተናገረች፤ ፋይብሮዲስፕላዢያ ኦሲፊካንስ ፕሮግሬሲቫ። ትምህርት ቤት አንድ ገጽ ላይ አንብባው እንዳለፈችው፣ በሕይወቷ አየዋለሁ ብላ እንዳልጠበቀች ነገረችን። በዓለም ላይ እንኳ ያለባቸው ሰዎች እጅግ ጥቂት ናቸው።

«በማኅፀን ውስጥ አጥንት የሚሠራ ትእዛዝ አለ» አለች። «ሥራው በቦታው ሲያልቅ ‹ይበቃል› ይባላል፣ ያርፋል። እሷ ውስጥ ያ ትእዛዝ በደንብ አይዘጋም። ጡንቻ ሲጎዳ፣ ሲወድቁ፣ ሲወጉ፣ ሲቀደዱ፣ ሌላው ሰው ጋ ጠባሳ የሚሆነው እሷ ጋ አጥንት ይሆናል።»

ይህን ለዘነበች እንዴት ልተርጉመው? መሐንዲስ የሚል ቃል በቋንቋዋ የለም፣ ትእዛዝ የሚለውም የቀበሌ ነገር ይመስላል። እንዲህ አልኳት፤ በልጅሽ ሰውነት ውስጥ ጎበዝ ግንበኛ አለ። ቤቱን ጨርሷል። ግን «ይበቃል» ሲሉት አይሰማም። ማንም በር ባንኳኳ ቁጥር የተጠራ ይመስለውና ድንጋዩን ይዞ ይመጣል።

«የሚሠራው ደህና ነው?» አለች።

«ደህና ነው። ከኔም ካንቺም አጥንት አያንስም።»

«ቦታ ብቻ ነው የሳተው» አለች። እኔ ከዚያ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

ከዚያ ያስያዘችኝን ጥያቄ ጠየቅሁላት። ሰላማዊት የመለሰችው ቀስ ብላ ነው፤ ከምታውቀው ላይ ላለመጨመር ትጠነቀቅ ነበር። ምክንያቱ ገና በፅንስ ጊዜ ዘር ውስጥ የተለወጠ አንድ ቅንጣት ነው። ከወላጅ ሊወረስ ይችላል፤ ያለበት ወላጅ ግን ራሱ ይታመማል፣ ጣቱም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚህ ነው። ወላጆቹ ደህና ከሆኑ ግን ልጁ ላይ አዲስ የመጣ ነው። ለምን እሷ ላይ እንደመጣ ማንም አያውቅም። ኮሶው አይደለም፣ ዛፉ አይደለም።

«እንግዲያው ጣት እንይ» አሉ ጋሽ አሰፋ።

ወንዶቹ ሲመለሱ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ጫማ እያወለቀ አገኙት። ዘነበች ላስቲክ ጫማዋን አወጣች፤ ጣቶቿ እንደ ዘንግ ቀጥ ያሉ። አቶ ወዳጆ አወጡ፤ ቀጥ ያሉ። ወንድምየው ማንም ሳይጠይቀው አወጣ። ጋሽ አሰፋም አወጡ፤ ካልሲያቸው ተቀዶ አውራ ጣታቸው ወጥቷል።

«ያንተን ጣትማ ሁሉም ሰው አይቶታል» አለቻቸው አዳነች በካፊኖኖ። ያን ቀን የተሳቀው ሳቅ አሁንም በጆሮዬ አለ። አባትየው ግን አልሳቁም። የሚስታቸውን እግር ያዩ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ፤ ቀጥሎ ፊቷን።

ከዚያ የመጣው ግን ከባዱ ነገር ነው። አቶ ወዳጆ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ያዙና በጣታቸው ድልድዩን ተከተሉት። «ይሄን ቁረጡልኝ» አሉ። «ምክንያቱን አወቃችሁ፤ እንግዲህ ቁረጡት። ቡና ላይ የበቀለ ጥገኛ እንኳ ይቆረጣል።»

«ብንቆርጠው መልሶ ይሠራዋል፤ ከበፊቱ አብዝቶ» አለች ሰላማዊት። «ግራ እጇ ገና ነፃ ነው። አፏ ይከፈታል። እነዚህን ማቆየት ነው ሥራችን። ቢላ የለም። ጡንቻ ላይ መርፌ የለም፤ የጥርስም ቢሆን እኛ ሳንጠየቅ አትወጋም። ማሸት የለም።»

«ምንም አታድርግ እያልሽኝ ነው።»

«ምንም አታድርጉ ማለት እዚህ ከባዱ ሥራ ነው፣ አቶ ወዳጆ።»

ማሸት የለም የሚለውን ቃል ስተረጉመው ዘነበችና ባሏ ተያዩ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ፣ ከሰላማዊት ጋር ለጤና ጉብኝት ደካ ሄደን ከዚያ ወደ መንደራቸው በእግር ስንወርድ መንገድ ላይ ሲነገረኝ ነው። በነሱ ሠፈር የሰውነት መገተር ያለበትን ልጅ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ቅቤ ይይዛል፤ ተቀምጦም ተራውን ያሻል። ሳያሽ የሄደ እንዳልጠየቀ ነው የሚቆጠረው። አዳነች ደግሞ የምትወደድ ልጅ ናት። መንደሩ በሙሉ፣ እሁድ እሁድ፣ በተራ፣ በፍቅር፣ ያንን ግንበኛ ሲጠራው ነው የከረመው። ከሁሉ በላይ የአባቷ እህት፤ እጀ ብርቱ፣ የታወቀች አሺ። አንገቷን አሽታ አሽታ «ሊላቀቅ ነው» ስትል የነበረችው እሷ ናት።

ሥራዬ ፊልም ማጠብ ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ያን ቀን ግን ለአንዲት ሴት፣ «በሽታውን አላመጣሽውም፤ ግን እጅሽ ቀስቅሶታል» የሚል ነገር መንገር ነበረብኝ። የመጀመሪያው ግማሽ ምሕረት ነው፣ ሁለተኛው ፍርድ። መንገዱን ሙሉ እያጣጠፍኩት፣ እየዘረጋሁት ሄድኩ።

አቶ ወዳጆ ደጃቸው ላይ ያዙኝና ለእህታቸው ምን ልላት እንዳሰብኩ ነገርኳቸው። «ለእህቴ የመጀመሪያውን ብቻ ንገርልኝ» አሉ።

«ሁለተኛውን ካልነገርናት ትቀጥላለች።»

«ከነገርካት ደግሞ ዳግመኛ ቤቴ አትገባም። አውቃታለሁ። እጇን ትጠላዋለች።»

ቤት ስንገባ ጎረቤቱ ሁሉ ተቀምጧል፤ አክስትየዋ ቅቤውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ይዛዋለች። አዳነች መሐል ቆማለች፤ ለመቀመጥ አመቺ ቦታ ፍለጋ በሙሉ ሰውነቷ ትዞራለች። ሰላማዊት ስለ በሽታው ተናገረች፣ እኔ ተረጎምኩ፤ ወድቆ የተገኘው ዛፍ ነፃ ወጣ፣ በቅሎዋ ነፃ ወጣች፤ ስለ ኮሶው ማንም አልተናገረም። «የእናት ወገን» የሚለው ነገርም አለቀለት፤ አቶ ወዳጆ ራሳቸው ተነስተው፣ «የሚስቴን እግር አይቻለሁ፤ ዶክተሯም አይታለች። ከኔም ከሷም አይደለም» አሉ። ወንድምየው፣ «የኔም ታይቷል» ብሎ ጨመረ።

ከዚያ የቅቤው ነገር ቀረ። ሁሉም ሰው አክስትየዋን አየ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ግን እንደያዝኩት ቀረ።

ዘነበች ተነሳች። ቅቤውን ከአክስትየዋ ጉልበት ላይ ወሰደች፣ ቅጠሉን ፈታች። «ከዛሬ ጀምሮ የልጄ ሰውነት አይነካም። ግንበኛው ተኝቷል፣ አናንኳኳም» አለች። «ቅቤ ይዞ የመጣ ሰው ግን አይመለስም። ጠጉሯን ይቀባላት። በጣት ጫፍ። ጎንጉኖ የሚጠይቃትም ይጎንጉንላት።» ወደ አክስትየዋ ዞረች። «መጀመሪያ አንቺ ነሽ፣ እህቴ። እንዳንቺ ጠጉር የሚያውቅ የለም።»

አክስትየዋ ዘነበችን አየቻት። ሞኝ አልነበረችም፤ ያልተነገራት ግማሽ እንዳለ የገባት ይመስለኛል። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከዚያ ትንሽ ቅቤ በሁለት ጣቷ ጫፍ አነሳች፤ እኛ ፊልም የምንይዝበትን አያያዝ የሚመስል ነበር። የአዳነች አናት ላይ አስቀመጠችላት።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ስብራት አይቻለሁ። ከዛፍ የወደቁ የማር ቆራጮች፣ ከሞተር ብስክሌት የወደቁ አስተማሪዎች፣ በሬ የወጋቸው። ጋሽ አሰፋ ሰው ሁሉ በፊልም ላይ ተመሳሳይ መሆኑን ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር፤ ካድሬውም፣ ቄሱም፣ ፓስተሩም። የአዳነች ፊልም ግን በየጊዜው ሌላ ነበር። በተከተሉት ዓመታት ሁለት ጊዜ ወድቃ ነበር፤ አንዱ ውድቀት ጭኗ አጠገብ ትንሽ የአጥንት ቅርንጫፍ ትቶ አለፈ። ግራ ክንዷ ግን ነፃ ሆኖ ቆየ። አፏም። አፏማ እንዴት ሆኖ።

ወዳጆ ሌላ ሴት አላገቡም። ዘነበችም አልሄደችም። ግን ከአዳነች በኋላ አልወለደችም፤ ዓመት አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ዶክተር ሰላማዊት ጠይቃት ነበር። «ያልሽኝን አምናለሁ» አለቻት፤ «ሆዴ ግን እስኪያምን እየጠበቅሁ ነው።»

ማመኑን ያወቅነው ጋሽ አሰፋ ከክሊኒኩ ሊሰናበቱ በተቃረቡበት ሰሞን ነው። ጠዋት ላይ ኤክስሬይ ክፍሉ በር ላይ ቆማ አገኘናት፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች፤ አዳነች ከጎኗ አለች፤ አድጋለች፤ ጠጉሯ በቅቤ ያብረቀርቃል፤ አምስት ዓይነት ሹሩባ ተሠርታለች። የመንደሩ እጅ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር።

«ታሞባችሁ ነው?» አልኩ ሕፃኑን እያየሁ።

«አልታመመም። እግሩን ለዶክተሯ እናሳይ ብላ ነው እንጂ፣ እሷ» አለች ዘነበች፤ ወደ ልጇ እያመለከተች።

ሰላማዊት ተጠራች። ዘነበች ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኛችው፤ ፊቱን ሸፍና እግሩን ብቻ ገለጠችው። «ሲወለድ ፊቱን ሳላይ እግሩን ነው ያየሁት» አለች። «ዛሬም ገና ፊቱ ማንን እንደሚመስል አልወሰንኩም።»

ሁለት አውራ ጣቶች፤ የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ፣ ቀጥ ያሉ። ጋሽ አሰፋ እጃቸውን አሙቀው አንዱን ያዙት። እኔ ብዙ ፊልም ሲጠቁር አይቻለሁ፤ እንደነዚያ ጣቶች ግን ዓለሙ ሁሉ ጠቁሮ ብቻውን የቀረ ነገር አላየሁም።

አዳነች በነፃው እጇ የወንድሟን እግር ነካችው። ከዚያ በሙሉ ሰውነቷ ወደ ሰላማዊት ዞረች።

«ከእማዬ አይደለም» አለች። «ከአባዬም አይደለም። እሱም የለበትም። እንግዲያው የኔ ከማን መጣ?»

በካፋ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሰው ሲተዋወቅ ጎሳው ይጠየቃል፤ ሁሉም ሰው ከአንድ ሰው የመጣ ነው። ሰላማዊት ወደኔ አየች፤ ይህን ግን መተርጎም አላስፈለገም፤ አዳነች አማርኛዋን ቦንጋ ስትመላለስ ከኛው ለቅማዋለች።

«ከማንም አልመጣም» አለቻት ሰላማዊት። «ካንቺ ነው የጀመረው።»

ልጅቱ አሰበች። ያዘነች አልመሰለኝም። የመጀመሪያ ቤት በሠራ ሰው ፊት ላይ የሚታየው ዓይነት ነገር ነው ፊቷ ላይ ያየሁት።

«እዚህ አገር ሌላ አለ?»

«እስካሁን አላየንም።»

«ከመጣ ወደኔ ላኩት» አለች አዳነች። «መርፌ እንዳይወጋ እነግረዋለሁ። እንዳይታሽ እነግረዋለሁ። ሰዎች ቅቤ ይዘው ሲመጡ ምን እንደሚላቸው እነግረዋለሁ። እናቱንም አናግራታለሁ።»

ከዚያ በግራ እጇ ጨርቁን ስባ የወንድሟን እግር ሸፈነችው፤ ፊቱን ገለጠችው፤ እናቷ እንድታየው።